በአንድ ደንበኛ ልክ የተሰፋ ማተሚያ ቤት

ትልቅ ደንበኛ ማጣት በአንድ አነስተኛ ድርጅት ላይ ሁለት ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያው ወዲያው የሚታየው የገቢ መቀነስ ነው። ሁለተኛው ቆይቶ ይገለጣል፤ ድርጅቱ ባደገባቸው ዓመታት የሠራተኛው ቁጥር፣ የማሽኑ አቅም፣ የኪራይ ቤቱ ስፋት፣ የባንክ ብድሩ ሳይቀር በዚያ ደንበኛ ትዕዛዝ ልክ ተለክቶ ተሰፍቷል። ለባሹ ሲሄድ ልብሱ ይቀራል። ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ የብድር ክፍያውም ምንም እንዳልተፈጠረ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ በር የሚያዘጋው ይህ ሁለተኛው ጉዳት ነው።

በ2017 ዓ.ም. ነገሩ በአዲስ አበባ በብዙ ድርጅቶች ላይ በአንድ ሰሞን ደረሰ። ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የአገራቸው የውጭ ዕርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም የሚያዝ ትዕዛዝ ፈረሙ። ጥር 16 በሂደት ላይ የነበሩ ፕሮጀክቶች ሥራ እንዲያቆሙ መመሪያ ወረደ። መጋቢት 1 ቀን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማርኮ ሩቢዮ የአገሪቱ የዕርዳታ ድርጅት ከሆነው ከዩኤስኤአይዲ ፕሮግራሞች 83 በመቶው እንደተሰረዙና 5,200 ያህል ውሎች እንደተቋረጡ አስታወቁ። ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ ዕርዳታ ማስተዳደሩን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች ካሉ የአፍሪካ አገሮች ከፍተኛውን የአሜሪካ ዕርዳታ ስትቀበል የቆየች በመሆኗ ድንጋጤው ከባድ ነበር።

በየዜናው የተነሡት መድኃኒቱ፣ ስንዴውና የጤና ባለሙያው ነበሩ፤ ተገቢም ነው። ከእነሱ ጀርባ ግን ከዕርዳታ ድርጅቶች ጋር በፕሮፎርማ የሚሠራ ሌላ ሕዝብ አለ። የሥልጠና ማንዋልና ባነር የሚያትመው፣ ላንድክሩዘር ከነሹፌሩ የሚያከራየው፣ በአዳማና በቢሾፍቱ አዳራሽና አልጋ የሚያቀርበው፣ የሻይ ዕረፍቱን ቆሎና ሳምቡሳ የሚያዘጋጀው፣ ሰነድ የሚተረጉመው ሁሉ ከዚህ ወገን ነው። እነዚህ ተረጂዎች ሳይሆኑ ነጋዴዎች ናቸው፤ ስለዚህም በማንም የድጋፍ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም።

ለአብነት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ይታሰብ። ምሳሌው የተቀናበረ ነው፤ አኃዞቹም ለስሌት እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸው። ስምንት ሠራተኞች አሉት። ሰኞ ጠዋት ኦፍሴት ማሽኑ ቆሟል፤ ግድግዳው ጥግ ሁለት ሺህ ቅጂ የሥልጠና ማንዋል ታትሞ፣ ገጽ በገጽ ተደርድሮ ጥረዛ ይጠብቃል። ሽፋኑ ላይ ሁለቱ የተጨባበጡ እጆችና «ከአሜሪካ ሕዝብ» የሚለው ጽሑፍ አለ። ባለቤቱ ስልክ ይደውላል። የደንበኛው ድርጅት የግዢ ክፍል ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡን፤ ከላይ መልስ አልመጣም» ይለዋል። በማግስቱ ይደውላል፤ ያው ነው። በሳምንቱ ስልኩን የሚያነሣ ይጠፋል፤ የግዢ ሠራተኛውም እንደ ማንዋሉ የፕሮጀክቱ ነበርና። ያ ሁለት ሺህ ቅጂ ለሌላ ደንበኛ አይሸጥም። ያለው ገበያ አንድ ብቻ ነው፤ በኪሎ ተመዝኖ፣ ለመንደር ሱቅ የበርበሬና የቅመም መጠቅለያ መሆን።

ጥገኝነቱ እንዴት ይመጣል

አንድ ደንበኛ ላይ መንጠልጠልን የስንፍና ውጤት አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ባለቤቱን ወደዚያ የሚወስደው ደህና ሒሳብ ነው። ትልቁ ደንበኛ በብዛት ያዛል፤ በብዛት ሲታተም ለአንዱ ቅጂ የሚወጣው ወጪ ይወርዳል። በየቀኑ ዋጋ መከራከር የለም። ክፍያው ይዘገይ እንደሆነ እንጂ አይቀርም። ሃያ ትንንሽ ደንበኞችን ማስተናገድ ሃያ ዓይነት ጭቅጭቅ ነው፤ የሠርግ ካርድ ሊያሳትም የመጣ ሰው የፊደሉን ቅርፅ አምስት ጊዜ ሲያስቀይር፣ ያኛው ደንበኛ አንድ ኢሜይል ልኮ የሦስት ወር ሥራ ይሰጣል። ስለዚህ ትንንሾቹ እየተገፉ ይወጣሉ። ማንም አላባረራቸውም፤ «አሁን ሥራ በዝቶብናል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቅ በሉ» ተብለው ነው የሄዱት።

ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 8 አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ከገቢያቸው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ከአንድ ደንበኛ የሚያገኙ ከሆነ ይህንኑ እንዲገልጹ ያስገድዳል። ገዢው አክሲዮን ከመግዛቱ በፊት ማወቅ የሚገባው አደጋ ተደርጎ ስለተቆጠረ ነው። ኢማጂኔሽን ቴክኖሎጂስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከገቢው ግማሽ ያህሉን ከአፕል ያገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 አፕል በእሱ ቴክኖሎጂ መጠቀም እንደሚያቆም ሲታወቅ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ከግማሽ በላይ ወደቀ፤ ዓመቱ ሳያልቅም ኩባንያው ተሸጠ። በሐዋሳም የሆነው ከዚህ ብዙ አይርቅም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ መሪ ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ጥቂት ቆይቶም ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ መላክ ከሚያስችለው ከአጎዋ ስትወጣ፣ ጣጣው ከስፌት መኪናዋ ፊት ከተቀመጠችው ሠራተኛ አልፎ ቤት አከራይዋና ጉልት ሻጯ ድረስ ወርዷል። ሜክሲኮ ያለው ማተሚያ ቤት ከደንበኛው የሚያገኘው 55 በመቶ ነው። ሪፖርት የሚጠይቀው ስለሌለ ቁጥሩን አስልቶት አያውቅም።

ገንዘቡ ስንት ወር ያቆያል

በመጀመሪያው ሳምንት የሚሠራው ሥራ አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ይመስላል። ግን አይደለም፤ መጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ይዞ መቀመጥ ያስፈልጋል።

የማተሚያ ቤቱ ወርሃዊ ሽያጭ 600,000 ብር ነው እንበል። ከዚህ 330,000ው የአንዱ ደንበኛ ነው። ከእያንዳንዱ መቶ ብር ሽያጭ 55ቱ ለወረቀት፣ ለቀለም፣ ለፕሌትና ለጥረዛ ይወጣል፤ 45ቱ ይተርፋል። ሥራ ኖረም አልኖረ የሚከፈለው ደግሞ ኪራይ 70,000፣ ደመወዝ 90,000፣ የማሽን ብድር 45,000፣ መብራት፣ ስልክና የሒሳብ ባለሙያ 15,000፣ በድምሩ 220,000 ብር ነው። በደህናው ጊዜ ከሽያጩ 270,000 ብር ይተርፍ ስለነበር ይህ ሁሉ ተከፍሎ 50,000 ብር ትርፍ ይገኛል። ደንበኛው ሲሄድ ሽያጩ ወደ 270,000 ይወርዳል፤ ከዚያ ላይ የሚተርፈው 121,500 ብር ነው። በየወሩ 98,500 ብር ይጎድላል ማለት ነው። ባንክ ውስጥ 300,000 ብር ካለ ሦስት ወር ያቆያል። በአራተኛው ወር ደመወዝ የለም።

አሁን ባለቤቱ ከተከራያቸው ክፍሎች አንዱን መልሶ ኪራዩን ወደ 45,000 አወረደ፤ ባንኩን ለምኖ የብድሩን ዘመን አራዝሞ ወርሃዊ ክፍያውን 30,000 አደረገ፤ ደመወዙን ወደ 65,000፣ ልዩ ልዩውን ወደ 10,000 ቀነሰ። ቋሚ ወጪው 150,000 ሆነ። የሚጎድለው በወር 28,500 ብር ብቻ ነው፤ የሠራተኛ ስንብት ወጪ ሳይታሰብ ያው 300,000 ብር ከአሥር ወር በላይ ያስኬዳል። አንድም አዲስ ደንበኛ አልተገኘም፤ ለመፈለጊያ የሚሆን ሰባት ወር ግን ተገኝቷል። ይህ ስሌት በመጀመሪያው ወር ሲሠራና በሦስተኛው ወር ሲሠራ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ በሦስተኛው ወር የሚቆጠብበት ገንዘብ አልቋል።

ብድር ወስዶ ጊዜ መግዛትም ያን ያህል ቀላል አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር፤ በኋላ ወደ 18 በመቶ ከፍ ቢልም ባንኮች ለአዲስ ተበዳሪ እጃቸው አልተፈታም። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ወረቀትና ቀለም ከውጭ ይመጣሉ። ስለዚህ መርካቶ ላይ አንድ እሽግ ወረቀት ሲገዛ፣ ከመቶ 55 የነበረው ወጪ 55 ሆኖ እንደማይቆይ መታሰብ አለበት።

የቀረ ዕዳ

ደንበኛው ሲሄድ ያልተከፈለ ሒሳብ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው። የማተሚያ ቤቱ 400,000 ብር የሚያወጣ ሥራ አስረክቦ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ክፍያ እየጠበቀ ነበር። እዚህ ላይ ብዙዎችን ሳያስቡት የሚያገኛቸው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። የ15 በመቶው ታክስ የሚታሰበው በተቆረጠው ደረሰኝ ላይ በመሆኑ ደንበኛው ባይከፍልም የወሩ ማሳወቂያ ይደርሳል። በወረቀቱ ግዢ የተከፈለው ታክስ ቢቀነስም ቀሪው ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ላልተቀበሉት ገንዘብ ግብር መክፈል ከምንም በላይ የሚያንገበግብ ነገር ነው።

ውሉን አውጥቶ ማንበብ የሚጠቅመው በዚህ ጊዜ ነው። ብዙ የግዢ ትዕዛዞች አሠሪው በፈለገ ጊዜ ማቋረጥ እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አላቸው፤ ከእሱ ቀጥሎ ግን እስከ ማቋረጫው ቀን የተሠራው እንደሚከፈል ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አሜሪካ ውስጥም ክርክሩ ያረፈው እዚሁ ነጥብ ላይ ነበር። ቀደም ሲል ለተጠናቀቀ ሥራ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ክፍያ እንዲለቀቅ የፌዴራል ዳኛ ያዘዘውን መንግሥት እንዲታገድለት ቢጠይቅም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የካቲት 26 ቀን 2017 በ5 ለ4 ድምፅ ሳይቀበለው ቀርቷል። ሜክሲኮ ላለው ማተሚያ ቤት የሚጠቅመው ትምህርት ቀላል ነው፦ የርክክብ ሰነዱ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ቀኑ ተጽፎበት ይገኛል ወይ? «እኛ ጋ እኮ ይተማመናሉ» ተብሎ በቃል የቀረ ሥራ፣ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ሒሳብ የሚያጣራው ሰው ፊት አይቆምም።

ሠራተኛው

ደመወዙ ከ90,000 ወደ 65,000 ወረደ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በተግባር ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይሄዳል ማለት ነው፤ ከእነሱ አንዱ ምናልባት ማሽኑ ገና ሲገዛ ጀምሮ የነበረው ኦፕሬተር ይሆናል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምርት ወይም የአገልግሎት ተፈላጊነት መቀነስን የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ነፃ ግን አይደለም። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታከልበታል፤ በቅነሳ ለሄደ ደግሞ ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። አራት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ስለዚህ የ120 ቀን ደመወዝ ይዞ ይወጣል፤ የማስጠንቀቂያው ሁለት ወር ሲደመርበት ስድስት ወር ገደማ ነው። ሠራተኛ መቀነስ ወጪ የሚያወርደው ከግማሽ ዓመት በኋላ ነው። የሦስት ወር ገንዘብ ብቻ የያዘ ባለቤት ይህን ሳያሰላ «ሁለቱን ላሰናብት» ቢል ችግሩን ያፋጥነዋል። አዋጁ የምርጫ ቅደም ተከተልም ያስቀምጣል። የሥራ ችሎታና ምርታማነት ይቀድማሉ፤ እነዚህ እኩል ሲሆኑ አጭር ጊዜ ያገለገለው፣ ቀጥሎም ጥቂት ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ቀድሞ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ሴት በዝርዝሩ መጨረሻ ካሉት ናት።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ መንገድ እገዳ ነው። በአሠሪው ጥፋት ያልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ካስቆመ፣ አሠሪው በሦስት ቀን ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቆ የሥራ ውሎችን እስከ 90 ቀን ማገድ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሥራም ደመወዝም የለም፤ ውሉ ግን አይቋረጥም። ለሠራተኛው መራራ ነው። ሆኖም ሥራው በሁለት ወር ሊመለስ ይችላል ተብሎ በእውነት በሚታሰብበት ጊዜ ከስንብት ይሻላል።

ይሉኝታና ዕቁብ

ብዙ ባለቤቶች ከሁሉ የሚከብዳቸው ነገሩን መናገር ነው። ሠራተኛው ወሬውን ከግዢ ክፍሉ ሾፌር ሰምቶ ሳለ ባለቤቱ ግን «ደህና ነን፣ ትንሽ ቀዝቅዞ ነው» እያለ ይሰነብታል። ወረቀት በዱቤ የሚሰጠው የመርካቶ ነጋዴ እንዳይሸሽ፣ አከራዩ እንዳይጠራጠር፣ የሠፈር ሰው «ከሰረ» እንዳይል በማለት መኪናውን አይሸጥም፤ ድግሱን አይቀንስም። ይሉኝታ በደህና ጊዜ የነጋዴን ስም ይጠብቃል። በዚህ ጊዜ ግን የሚያስከፍለው በወራት የሚቆጠር ገንዘብ ነው። ዱቤ ሰጪ የሚሸሸው ችግሩን ሲሰማ ሳይሆን የተባለው ቀን አልፎ ስልክ ሳይነሣለት ሲቀር ነው፤ ቀድሞ ሄዶ «ይህን ያህሉን አሁን፣ ይህን ያህሉን በፋሲካ» የሚል ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ይሰጠዋል።

ዕቁብ እዚህ ውስጥ ሁለት ፊት አለው። በሳምንት የሚጣለው ገንዘብ በደህናው ገቢ ልክ የተገባ ግዴታ በመሆኑ እንደ ኪራዩ ሁሉ አይጠብቅም፤ ዕጣው ከወጣ በኋላ ማቋረጥ ደግሞ በዋሱ ላይ መጨከን ነው። ዕጣው ገና ካልደረሰው ግን ችግሩን ለዕቁቡ ዳኛ አስረድቶ ተራ ከደረሰው አባል ጋር መለዋወጥ በብዙ ዕቁቦች የታወቀ ነው። ወለድ የለውም፣ መያዣ አይጠይቅም። መናገርን ብቻ ይጠይቃል።

አዲስ ሥራ

ለማተሚያ ቤት ዓመቱ ራሱ የሥራ ካርታ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ የሠርግ ካርድ አለ። ግንቦትና ሰኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀታቸው ሰኔ 30 ሳይዘጋ ለመጨረስ የሚጣደፉበት ነው። ነሐሴ የትምህርት ቤቶች ነው፤ መስከረም ሳይጠባም የቀን መቁጠሪያና የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ ይመጣል። በመሐል የመድኃኒት ቤቶች ከረጢት፣ የውኃና የማር መለያ ወረቀት፣ የምግብ ቤት ዝርዝር አለ። አንዳቸውም ለብቻቸው ያን 330,000 ብር አይተኩም። ተሰብስበው ግን ይቀርባሉ፤ አንዱ ሲቀር ደግሞ ቀሪዎቹ ይኖራሉ።

ወጥመዱ ዋጋ ላይ ነው። ማሽኑ ከሚቆም በማለት ከመቶ ብር 50ውን ብቻ የሚያስከፍል ባለቤት 55 ብር የወረቀትና የቀለም ወጪ ስላለበት በሠራ ቁጥር አምስት ብር ይከስራል፤ ሥራ ሲበዛ ኪሳራውም ይበዛል። 70 ብር ቢያስከፍል ግን 15 ብር ለኪራዩ ይደርሳል፤ ለጊዜው ያስኬዳል። ችግሩ የቀድሞዎቹ ደንበኞች ጆሮ ነው፤ ወዲያው «ለእኛስ?» ይመጣል። ስለዚህ የዋጋ ቅናሹ በቀን የተገደበ፣ ወይም የተለየ ምርት ላይ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይገባል።

ሁለተኛው ወጥመድ የሄደውን የሚመስል ሌላ ትልቅ ደንበኛ ማሳደድ ነው። የመንግሥት ጨረታ ሰፊ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግዢ ሥርዓቱ ከመጣ ወዲህም ሰነድ ለመግዛት በየቢሮው መመላለስ ቀንሷል። ክፍያው ግን ሊዘገይ ይችላል። የአራት ወር ክፍያ መጠበቅ የማይችል ድርጅት ጨረታ ማሸነፉ ራሱ ሊጥለው ይችላል።

ለአነስተኛ ድርጅት ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ አሮጌው ቀብድ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ መስጠትን ለውል መኖር ማስረጃ ያደርገዋል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ሁለት ሺህ ማንዋል ከመታተሙ በፊት ቢያንስ የወረቀቱ ዋጋ በቀብድ ቢያዝ፣ ያ ጥግ ላይ የተከመረው ክምር የባለቤቱ ኪሳራ ባልሆነ ነበር።

መዝጋት ሲመጣ

አንዳንዱ ድርጅት ከዚህ ሁሉ በኋላም አይቀጥልም። ሒሳቡ ወጪውን ቀንሶም ቀብዱን ይዞም የማይሞላ ከሆነ፣ ባንክ ውስጥ ለሠራተኛ ስንብት የሚበቃ ገንዘብ ሳለ መዝጋት ባዶ እስኪቀር ከመጠበቅ ይሻላል። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ሲሸጥና ከቆመ በኋላ አቧራ ለብሶ ሲሸጥ ዋጋው አንድ አይደለም። አሠራሩም አለው፤ የመጨረሻው የታክስ ማሳወቂያ ይቀርባል፣ የግብር ክሊራንስ ይወሰዳል፣ የተከራዩት ቤት በጽሑፍ ይመለሳል፣ የንግድ ፈቃዱ ይሰረዛል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ለአከራዩ ሰጥቶ የሄደ፣ ፈቃዱን ግን ያልመለሰ ሰው በገቢዎች መዝገብ ላይ አሁንም ማተሚያ ቤት አለው።